ጐልማሳው ጀማሪና የፒያኖ መማሪያ መጽሐፍ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




«ትምህርት በልጅነት፣ አበባ በጥቅምት» የሚለው ብሂል ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። እውነትነትም አለው። የልጅ አእምሮ ለስላሳ ነው፤ የልጅ ጣት ታዛዥ ነው፤ የልጅ ጊዜም ሰፊ ነው። ይሁን እንጂ ብሂሉ ሳይታሰብበት በተደጋገመ ቁጥር አንድ ፍርድ አብሮት ይመጣል፤ ይኸውም ጥቅምቱ ያለፈበት ሰው ከእንግዲህ አያብብም የሚል ፍርድ ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ ይህን ፍርድ በሌላ መስክ ራሱ ሽሮታል። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አያሌ አባቶችና እናቶች በልጆቻቸው ዕድሜ ከሚገኙ አስተማሪዎች ፊት ተቀምጠው ፊደል ቈጥረዋል። ጥቅምቱ ያለፈ የተባለው አበባ በሐምሌ ፈክቷል።

የዚህ ንግግር ርእስ ከዚያ ታላቅ ዘመቻ ጋር ሲነጻጸር ትንሽና ጸጥተኛ ነው። የ40፣ የ50 ወይም የ65 ዓመት ሰው ከሥራ መልስ በፒያኖ ፊት ይቀመጣል። በፊቱ አንድ የጀማሪዎች መማሪያ መጽሐፍ ተዘርግቷል። አሥሩም ጣቶቹ ለሌላ ሥራ ሁሉ የሠለጠኑ ናቸው፤ ይጽፋሉ፣ ይሰፋሉ፣ መኪና ይነዳሉ፣ ምናልባትም ቀዶ ጥገና ያደርጋሉ፤ በዚህ ስፍራ ግን አምስት ድምፆችን በቅደም ተከተል ለማሰማት ይቸገራሉ። ይህ ሰው መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ገጽ ይዘልቀው ይሆን? ወይስ በሁለተኛው ወር የፒያኖውን ክዳን ዘግቶ «ለእኔ የተፈጠረ አይደለም» ይል ይሆን? ንግግሩ የሚመረምረው ይህንን ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

መጽሐፉ ከየት መጣ?

ፒያኖ ራሱ ዕድሜው ከ300 ዓመታት ብዙም አይበልጥም። በኢጣልያ የፍሎሬንስ ከተማ ይሠራ የነበረው ባርቶሎሜኦ ክሪስቶፎሪ በ1700 ገደማ፣ ክሩን በመቈንጠጥ ፈንታ በትንሽ መዶሻ የሚመታ ባለ ቁልፍ መሣሪያ ሠራ። ጣት ለስለስ ብሎ ሲነካ ድምፁ ለስላሳ፣ ጠንከር ብሎ ሲነካ ድምፁ ብርቱ ሆነ። ስሙም ከዚሁ ጠባዩ ወጣ፤ «ፒያኖ» በኢጣልያንኛ «ቀስ ያለ»፣ «ፎርቴ» ደግሞ «ብርቱ» ማለት ነውና።

ለባለ ቁልፍ መሣሪያ የሚሆን መማሪያ መጽሐፍ የመጻፍ ልማድም እንዲሁ የቈየ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ኩፕራን በ1716 የክላቭሳን አጨዋወትን የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። የታላቁ ዮሐን ሰባስትያን ባኽ ልጅ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል ባኽ በ1753 ስለ አጨዋወት ስልት የጻፈው የመጀመሪያ ክፍል ታተመ። በለንደን ይኖር የነበረው ሙዚዮ ክሌሜንቲ በ1801 ለፒያኖ ተብሎ የተዘጋጀ መማሪያ አወጣ። የቤትሆቨን ተማሪና የሊስት አስተማሪ የነበረው ካርል ቼርኒ ከቀላል ወደ ከባድ የሚወጡ እጅግ ብዙ መልመጃዎችን ጻፈ። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የፈርዲናንድ ባየር የጀማሪዎች መጽሐፍ ተከተለ፤ በ1873 ደግሞ የሻርል ሉዊ ሃኖን 60 መልመጃዎች ታተሙ። ሀንጋሪያዊው ቤላ ባርቶክ ከ1926 እስከ 1939 ባሉት ዓመታት በ6 ጥራዝ የተከፈሉ 153 አጫጭር ድርሰቶችን ከመጀመሪያው እርምጃ እስከ ከባዱ ደረጃ አደራጀ።

ከእነዚህ መጻሕፍት አብዛኞቹ ተማሪያቸውን ልጅ ወይም ለሙያው የታጨ ወጣት አድርገው ያስባሉ። ጐልማሳው ጀማሪ ለብዙ ዘመን የልጆችን መጽሐፍ እየተዋሰ፣ በዳክዬና በድመት ሥዕሎች መካከል ተማረ። በአሜሪካ ለጐልማሶች ብቻ የተዘጋጁ መማሪያዎች በሰፊው መታተም የጀመሩት በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ጄምስ ባስትየን በ1977 በዕድሜ ለገፉ ጀማሪዎች ያዘጋጀው ትምህርት፣ ከዚያም በ1980ዎቹ ዊላርድ ፓልመር፣ ሞርተን ማነስና አማንዳ ቪክ ሌትኮ ለአልፍሬድ ማተሚያ ድርጅት ያዘጋጁት የጐልማሶች መጽሐፍ ለዚህ ምሳሌዎች ናቸው። ይህ የኋለኛው ዛሬም በብዙ አገሮች በጀማሪዎች ፒያኖ ላይ ተዘርግቶ ይገኛል። ስለዚህ ውስጡን ገልጦ መመልከት ተገቢ ይሆናል።

መጽሐፉ ሥራውን እንዴት ይሠራል?

የዛሬው ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፤ 52ቱ ነጭ፣ 36ቱ ጥቁር ናቸው። ጀማሪውን የሚያስፈራው ይህ ብዛት ነው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ጥበብ ብዛቱን መቀነስ ነው። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው እንደሚደረደሩ ያሳያል፤ ሥርዓቱም 12 ቁልፎችን እየያዘ እንደሚደጋገም ያስረዳል። ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ያለችው ነጭ ቁልፍ ሁልጊዜ «ዶ» ናት። 88ን ማጥናት የመሰለው ሥራ ወደ 12 ይወርዳል።

ቀጥሎ ጣቶቹ ቍጥር ይሰጣቸዋል። በሁለቱም እጆች አውራ ጣት 1፣ ሌባ ጣት 2፣ እያለ እስከ ትንሿ ጣት 5 ይደርሳል። ከዚያም ቀኝ እጅ በፒያኖው መካከል አካባቢ፣ ከግራ ሲቈጠር 40ኛ በሆነችው «ዶ» ላይ ያርፋል። አምስት ጣት አምስት ነጭ ቁልፎችን ይሸፍናል፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል። እጁ ከስፍራው አይንቀሳቀስም። ዐይን ከወረቀቱ ሳይነሣ ጣት ቁልፉን ማግኘት ይለምዳል። ንባብም በዚሁ ይጀመራል፤ በአምስቱ መስመሮች ላይ ድምፁ ከፍ ሲል ምልክቱም ከፍ ይላል፤ ዝቅ ሲል ዝቅ ይላል። ጐልማሳ ሰው ንድፍን በዐይኑ ማንበብ ስለለመደ ይህን ከልጅ ይልቅ ፈጥኖ ይረዳል።

በሦስተኛ ደረጃ ግራ እጅ ሦስት ድምፆችን በአንድነት መምታት ይማራል። ይህ አኮርድ ይባላል። ዶ፣ ሚ፣ ሶል አንዱ ነው፤ ሲ፣ ፋ፣ ሶል ሁለተኛው ነው፤ ዶ፣ ፋ፣ ላ ሦስተኛው ነው። አመዳደቡ በብልሃት የተደረገ ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ሲኬድ አውራ ጣት በሶል ላይ እንደ ተተከለ ይቈያል፤ ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው ሲኬድ ደግሞ ትንሿ ጣት በዶ ላይ ትቀራለች። ሁልጊዜ አንድ ጣት እንደ ምሰሶ ቆሞ ሌሎቹ ይንቀሳቀሳሉ። በእነዚህ ሦስት አኮርዶች ብቻ በምዕራቡ ዓለም የሚዘመሩ እጅግ ብዙ የሕዝብ ዜማዎች ሊታጀቡ ይችላሉ። ስለዚህ ጐልማሳው ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት «ሙዚቃ» ብሎ ያለ ኀፍረት ሊጠራው የሚችለውን ነገር ከእጁ ሲወጣ ይሰማል። ለልጆች በተጻፉት በብዙዎቹ የቀድሞ መማሪያዎች ዘንድ ግን ተማሪው ይህን ለመስማት ረዘም ያለ ጊዜ መታገሥ ነበረበት።

ከዚህ በኋላ እጁ ከስፍራው መነሣት ይጀምራል። አውራ ጣት በሌሎቹ ጣቶች ሥር ሾልኮ ማለፍን ይማራል፤ ከዶ እስከ ዶ ያሉትን ስምንት ድምፆች በአምስት ጣቶች ለመጫወት በ1፣ 2፣ 3 ከተሄደ በኋላ እንደ ገና ከ1 መጀመር ያስፈልጋልና። ፔዳል ይጨመራል፤ ምቱ ይከፋፈላል፤ ጥቁሮቹ ቁልፎች ይገባሉ። ወደ መጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ስኮት ጆፕሊን በ1902 ያሳተመው ዝነኛ የራግታይም ድርሰት ቀለል ተደርጎ ይጠብቃል። ተማሪው ያን ገጽ ከሩቅ ያየዋል፤ ለብዙዎችም ተራራው እርሱ ነው።

ጐልማሳው የሚሰናከልባቸው ስፍራዎች

መንገዱ ይህን ያህል የተስተካከለ ከሆነ ብዙዎች ከመካከል የሚቀሩት ለምንድር ነው? ምክንያቶቹ ጥቂት ናቸው፤ በየቤቱ ግን ይደጋገማሉ።

የመጀመሪያው ሁለቱን እጆች በአንድነት ማጫወት ነው። ቀኙ ብቻውን ያውቀዋል፤ ግራውም ብቻውን ያውቀዋል፤ ሲገናኙ ግን ሁለቱም ይጠፋባቸዋል። ልጅ ይህ ሲደርስበት ይስቃል። ጐልማሳ ግን ራሱን ይወቅሳል። እውነቱ ይህ የማስተዋል ጕድለት አለመሆኑ ነው። ሁለት እጆችን ማስተባበር ሦስተኛ የሆነ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ስለዚህም እንደ አዲስ ነገር በእጅጉ ቀስ ተብሎ መጀመር አለበት።

ሁለተኛው የጆሮና የጣት አለመመጣጠን ነው። ጐልማሳው ለብዙ ዓመታት ጥሩ ሙዚቃ ሲያዳምጥ ኖሯል። ጆሮው የ50 ዓመት ነው፤ ጣቱ ግን የሦስት ወር ሕፃን ነው። ጆሮው ጣቱን ያለ ማቋረጥ ይከስሰዋል። ልጅ ከዚህ ክስ ነጻ ነው፤ የሚጫወተው ሁሉ ያምረዋልና። በጥሞና ቢታይ ግን ይህ ክስ ሀብት ነው፤ ምን መምሰል እንዳለበት የሚያውቅ ጆሮ ከማንም አስተማሪ በላይ አብሮ የሚውል አራሚ ነው። ችግሩ አራሚው ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ ነው።

ሦስተኛው ጥድፊያ ነው። ጐልማሳ ዕድሜውን ይቈጥራል። መጽሐፉን እንደ ሥራ ዕቅድ ይመለከተውና በሳምንት ይህን ያህል ገጽ ብሎ ይነሣል። ገጹን «ጨረስሁ» የሚለውም አንድ ጊዜ ያለ ስሕተት ስላለፈ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ሠላሳኛው ገጽ ላይ ሲደርስ አሥረኛው ገጽ ከእጁ ወጥቷል። ጥድፊያ አካልንም ሊጎዳ ይችላል። ሮበርት ሹማን በወጣትነቱ የቀኝ እጁ ጣት ተበላሽቶበት የፒያኖ ተጫዋችነት ሕልሙን ትቷል። የጉዳቱ ምክንያት ምን እንደ ሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ የማያከራክረው እጅ እንደ ብረት የማይታዘዝ ሕያው አካል መሆኑ ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚሆነው መድኃኒት በአጭሩ የሚነገር ነው፤ በየቀኑ ጥቂት፣ በቀስታ፣ በትኵረት። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ቻርልስ ኩክ ፒያኖን ለደስታ ስለ መጫወት በ1941 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ጠቃሚ ምክር አለ። ተማሪው በድርሰቱ ውስጥ ሁልጊዜ የሚወድቅባቸውን ጥቂት ስፍራዎች ለይቶ እንዲያሰምርባቸው፣ እንደ ተሰበረ አጥንትም እንዲጠግናቸው ያዝዛል። በደንብ የተጠገነ አጥንት ከቀድሞው ይጠነክራል የሚል እምነት ነበረውና፣ ደካማው ስፍራ በልምምድ ብዛት ከሁሉ የጠነከረው እንዲሆን ይፈልጋል። ብዙ ጐልማሶች ግን ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ የሚያውቁትን መግቢያ መቶ ጊዜ ይጫወታሉ፤ የማያውቁትን መካከል በዝላይ ያልፉታል።

እንቅልፍም የትምህርቱ ክፍል ነው። በ2002 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሰዎች በጣቶቻቸው የተወሰነ የአመታት ቅደም ተከተል እንዲለማመዱ ካደረገ በኋላ መልሶ ፈትኗቸዋል። ሌሊት የተኙት ያለ ተጨማሪ ልምምድ ፍጥነታቸው በመቶ 20 ያህል ጨምሮ ተገኝቷል፤ ያን ያህል ሰዓት ነቅተው የዋሉት ግን ተመሳሳይ እድገት አላሳዩም። ማታ እንቢ ያለው ገጽ ጧት ሲታዘዝ የሚታየው በተአምር አይደለም ማለት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከመቀመጥ ይልቅ በየቀኑ 25 ደቂቃ መቀመጥ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ በመካከሉ ስድስት ሌሊቶች ይገኛሉና።

ብቸኝነትና መካፈል

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን ጐልማሳውን የሚያሸንፈው ብቸኝነት ነው። ልጅ ሲማር ወላጅ ያዳምጠዋል፤ አስተማሪ ይጠብቀዋል፤ በዓመቱ መጨረሻ በመድረክ ላይ ይጨበጨብለታል። ጐልማሳው በር ዘግቶ ይማራል። ዛሬ የኤሌክትሪክ ፒያኖ በጆሮ ማዳመጫ ስለሚሠራ፣ ጎረቤት ቀርቶ የቤተ ሰቡም አባል ላይሰማው ይችላል። ይህ ምቾት ነው፤ በአፓርታማ ለሚኖር ሠራተኛ የሌሊቱን ሰዓት ከፍቶለታል። ነገር ግን ማንም የማይሰማው ሰው መሻሻሉንም የሚነግረው አያገኝም። መሻሻል ደግሞ ከውስጥ አይታይም፤ ሣር ሲያድግ እንደማይታይ ሁሉ።

ፒያኖን በኅብረት መማር አዲስ አሳብ አይደለም። ዮሐን በርንሃርድ ሎጊዬ የተባለ በደብሊን ይኖር የነበረ አስተማሪ በ1810ዎቹ ብዙ ተማሪዎችን በአንድ አዳራሽ በብዙ ፒያኖዎች በአንድነት ያስተምር ነበር። እጅን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ የእንጨት መሣሪያም ፈልስፎ በ1814 የባለቤትነት መብት አግኝቶበታል። መሣሪያው ተረስቷል፤ በኅብረት የመማሩ አሳብ ግን ኖሯል። ጀማሪው ከላቀው ጋር በአንድ ክፍል ሲቀመጥ ቀላሉን ክፍል እየተጫወተ ከሙሉው ዜማ ተካፋይ ይሆናል።

በጐልማሶች ዘንድ መካፈል ምን እንደሚሠራ ሁለት የታወቁ ሰዎች በመጻሕፍቶቻቸው መስክረዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ ሬድዮ አቅራቢ የነበረው ኖኣ አዳምስ ዕድሜው 50ን ካለፈ በኋላ ፒያኖ ገዛ። በመጀመሪያ በኮምፒዩተር በሚሰጥ ትምህርት ብቻውን ሞከረ፤ ብዙም አልገፋም። በኋላም በቨርሞንት ክፍለ ግዛት ጐልማሶች ተሰብስበው ወደሚማሩበት ስፍራ ሄደ። የዓመቱ ግብ የሹማን «ትሮይመራይ» የተባለውን አጭር ድርሰት ለባለቤቱ መጫወት ነበር፤ በገና በዓል ተጫወተላት። ታሪኩን በ1996 አሳተመ። ሁለተኛው የእንግሊዙ የ«ጋርዲያን» ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ የነበረው አለን ራስብሪጀር ነው። እርሱ ፍጹም ጀማሪ አልነበረም፤ በልጅነቱ ተምሮ የተወና በጐልማሳነቱ የተመለሰ ነበር። በ2010 በፈረንሳይ አገር በተደረገ የአማተሮች ስብሰባ ላይ እንደ እርሱ አማተር የሆነ ሰው የሾፓንን የመጀመሪያ ባላድ ሲጫወት ሰማ። በዚያ ምክንያት ያንኑ ከባድ ድርሰት በየቀኑ 20 ደቂቃ ያህል እየተለማመደ ለማጥናት ወሰነ፤ ጋዜጣው በታላላቅ ዜናዎች በተጨናነቀበት ዘመን ከዓመት በላይ ታግሎበት ተጫወተው፤ መጽሐፉም በ2013 ወጣ። ውሳኔውን የወለደው የዓለም ዝነኛ ተጫዋች ሳይሆን የእኩያው ድፍረት መሆኑ ሊስተዋል ይገባል። ሊቁ ያስደንቃል፤ እኩያው ግን ያነሣሣል።

ይሁን እንጂ መካፈል ሁሉ አይጠቅምም። ጀማሪዎች ተሰብስበው የገጽ ቍጥር ማወዳደር ከጀመሩ ጥድፊያው በማኅበር ይሆናል። ሃያ ጊዜ ተሞክሮ የተሳካው አንዱ ብቻ ለሌላው የሚሰማ ከሆነም፣ አዳማጩ የእርሱን አሥራ ዘጠኝ ውድቀት ከባልንጀራው አንድ ስኬት ጋር እያነጻጸረ ተስፋ ይቈርጣል። ስለዚህ የሚጠቅመው መካፈል ጥቂት ሥርዓት ይፈልጋል። ተሰብሳቢዎቹ ከአምስት እስከ ስምንት ቢሆኑ፣ በወር አንድ ጊዜ ቢገናኙ፣ እያንዳንዱም የደረሰበትን ገጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ ቢጫወት መልካም ነው። ሲሳሳት ወደ ኋላ አይመለስ፤ ይቅርታም አይጠይቅ። በአሥረኛው ገጽ ያለው በዘጠናኛው ካለው በፊት ይጫወት፤ ያለዚያ አይደፍርምና። አዳማጮቹ በመጀመሪያ ያማረውን አንድ ነገር ይናገሩ፤ ቀጥሎም ከባዱ ስፍራ የቱ እንደ ነበር ይጠይቁት። በየሦስት ወሩ ድምፁን በቴፕ ወይም በስልክ ቀርጾ ቀኑን ጽፎ ያስቀምጥ። የመጀመሪያውን ቅጂ ከስድስት ወር በኋላ የሚሰማ ሰው፣ ሲያድግ ያላየውን ሣር አድጎ ያየዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

የአማርኛ ተናጋሪው ጀማሪ

እነዚህ መጻሕፍት አማርኛ ተናጋሪ ለሆነው ጐልማሳ ሲቀርቡ አንድ የተሰወረ ችግር ያመጣሉ። መጽሐፉ የሚያስተምረው በአብዛኛው የአሜሪካና የአውሮፓ ልጅ ከእናቱ ጕያ ጀምሮ የሚያውቃቸውን ዜማዎች ነው። የዚያ አገር ጐልማሳ ጣቱ ሲሳሳት ጆሮው ወዲያው ይነግረዋል፤ ዜማውን ያውቀዋልና። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ያደገው ግን ዜማውን ሰምቶት ላያውቅ ይችላል። ለአንደኛው ግማሽ ሥራው ማስታወስ ነው፤ ለሁለተኛው ሁሉም ሥራ አዲስ ነው። ይህን ሳያውቅ ራሱን ሰነፍ ብሎ የሚጠራ ጀማሪ በራሱ ላይ ግፍ ይሠራል።

መፍትሔው በእጁ አጠገብ ነው። የፒያኖው ጥቁር ቁልፎች አምስት አምስት ሆነው ይደጋገማሉ። ከሦስቱ ጥቁሮች ከመጀመሪያዋ ተነሥቶ ሦስቱን፣ ቀጥሎም ሁለቱን በተራ የነካ ሰው የትዝታን ቅኝት ይሰማል፤ በነጮቹ ላይ ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል። አምስት ድምፅ፣ አምስት ጣት። በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መካከል ትንሽ መዘርጋት ብቻ ያስፈልጋል። ስለዚህ አስተማሪው ከመጽሐፉ ገጽ ጎን ለጎን ተማሪው ከልጅነቱ የሚያውቀውን አንድ የትዝታ ዜማ በአንድ እጅ እንዲፈልግ ቢያደርገው፣ የአገሩ ጆሮ ለጣቱ መሪ ይሆንለታል። በርግጥ ፒያኖ አንዱን ስምንተኛ በ12 እኩል ደረጃዎች የሚከፍል መሣሪያ በመሆኑ ክራርና መሰንቆ የሚያወጡትን ረቂቅ ድምፅ ሁሉ አይሰጥም፤ አምባሰልና አንቺ ሆዬም በዚህ ረገድ የየራሳቸው ጥያቄ አላቸው። ቢሆንም እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ (ከ1923 እስከ 2023) በፒያኖ ያሰሙት ድምፅ ይህ ጋብቻ ምን ያህል ሊያምር እንደሚችል አስረድቷል። ግርማ ይፍራሸዋም በክራር ጀምሮ ፒያኖን ያገኘው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በ16 ዓመቱ ነው፤ ይህ ዕድሜ በአውሮፓ የፒያኖ ትምህርት ልማድ «ዘገየ» የሚባልበት ነው። ከዚያም በቡልጋሪያ ተምሮ የኢትዮጵያን ዜማ በታላላቅ አዳራሾች አሰምቷል።

በኅብረት መማርም ቢሆን ለዚህ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። በዜማ ቤት ተማሪው ከመምህሩ የተቀበለውን ቃል ሌሊት ከባልንጀሮቹ ጋር ሲያዜም ያድራል፤ ላቅ ያለው ታናሹን ያስጠናል። በ16ኛው መቶ ዓመት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያደራጁት የዜማ ምልክትም ብቻውን አያስተምርም፤ ከቃል ጋር ሲሄድ ነው። ጽሑፉ ለማስታወሻ፣ ሰው ለማስተማሪያ፣ ጓደኛ ለማጽኛ። ለፒያኖው መማሪያ መጽሐፍም ከዚህ የተሻለ የአጠቃቀም ደንብ አይገኝለትም።

ማጠቃለያ

ጐልማሳው ከዚህ ትምህርት ምን ያተርፋል? ተስፋን ከልክ በላይ ማብዛት አይገባም። በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ከ60 እስከ 85 ዓመት የሆናቸው ሰዎች ለስድስት ወራት ፒያኖ ከተማሩ በኋላ በትኵረትና በቅልጥፍና ፈተናዎች መሻሻል እንዳሳዩ ዘግቧል። የተሳታፊዎቹ ቍጥር ግን ትንሽ ስለ ነበር ፒያኖን እንደ መድኃኒት ማዘዝ ከእውነት ይርቃል። መጽሐፉን የጨረሰ ሰውም የመድረክ ተጫዋች አይሆንም። ቀላል ዜማዎችን በሁለት እጁ ያነብባል፤ አንድ ዘፈን በአኮርድ ያጅባል፤ ሙዚቃ ሲሰማም የሌላውን ሰው ድካም ያውቃል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚህም የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። በሥራው የተከበረ፣ በቤቱ የሚታዘዝለት ሰው ተመልሶ ጀማሪ ለመሆን ሲፈቅድ፣ ስሕተቱንም በባልንጀሮቹ ፊት ሲያሰማ፣ ሰው እስከ መጨረሻው ተማሪ መሆኑን በራሱ ላይ ይመሰክራል። ልጆቹም ይህን ያያሉ። አባቱ አንዱን መስመር ለሃያኛ ጊዜ ሲደግም የሰማ ልጅ፣ ትዕግሥት ምን እንደ ሆነ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ከዚህ ማኅበር አባላት መካከል የሚያስተምሩ ሁሉ፣ ጐልማሳ ጀማሪ በራቸውን ሲያንኳኳ ዕድሜውን ከመጠየቃቸው በፊት የትኛውን ዜማ እንደሚወድ ይጠይቁት። መጽሐፉን ይስጡት፤ ነገር ግን ከመጽሐፉ ጋር ብቻውን አይተዉት፤ በእርሱ ገጽ አካባቢ ካሉ ሌሎች አምስት ሰዎች ጋር ያገናኙት። ጥቅምት ቢያልፍም ዝናብ ያገኘ ምድር ያበቅላልና።